ከመትከል በፊት መቍጠር፤ የደን ካርታና የዛፍ ቈጠራ በከሚሴና በአካባቢው

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ምድረ ከነዓንን ይጎበኙ ዘንድ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን በላከ ጊዜ ከሰጣቸው ትእዛዛት መካከል በስብከት ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ አለ። ስለ ሕዝቡ ብርታት፣ ስለ ከተሞቹ ቅጥርና ስለ አፈሩ ለምነት ከጠየቀ በኋላ፣ ምድሪቱ ዛፍ ያላት ወይም የሌላት መሆኗን አይተው እንዲመጡ አዝዟቸዋል (ዘኍ. 13፥20)። ኢያሱ ወልደ ነዌም ለሰባቱ ነገዶች ርስት ከማካፈሉ አስቀድሞ ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰው አስመርጦ፣ ምድሪቱን ዞረው በመጽሐፍ ጽፈው እንዲያመጡለት አድርጓል (ኢያ. 18፥4–9)። ዕጣ የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው።

በሀገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ፣ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ካህናቱንም ምእመናኑንም ወደ ተራራ ሲያወጣ ቆይቷል። አብያተ ክርስቲያናትም በዐጸዳቸው ይተክላሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ምን ዓይነት ዛፍ፣ በየትኛው ቦታ፣ በማን ይዞታ ላይ ይተከል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በቅን ልቡና ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ አስቀድሞ ያለውን በማወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የደን ካርታና የዛፍ ቈጠራ ለዚህ ውሳኔ ምን እንደሚያበረክቱ፣ በተለይም በከሚሴና በዙሪያዋ ላሉ አጥቢያዎች ምን ትርጕም እንዳላቸው ያብራራል።

አገሩና ዕፅዋቱ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያቅፋል። በምሥራቅ ከአፋር ቆላ፣ በምዕራብ ከሰሜን ሸዋና ከደቡብ ወሎ ጋር ይዋሰናል። በመካከሉ ቦርከና እየተጠማዘዘ በጨፋ ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊምና ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን የኦርቶዶክሳውያን አጥቢያዎች ጥቂትና የተራራቁ ናቸው።

ይህ ምድር ለዕፅዋት ተመራማሪ ድንበር ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኢብ ፍሪስና ከፓውሎ ቫን ብሩገል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የተፈጥሮ ዕፅዋት አትላስ አገሪቱን በከፍታ፣ በዝናብና በሙቀት ከፋፍሎ፣ የሰው እጅ ባይነካው ኖሮ በየቦታው ምን ይበቅል እንደ ነበር ያሳያል። የዚህ ዞን ተዳፋት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ዕፅዋት በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ከላይ ወይራና ጽድ፣ ክትክታና አጋም ያሉበት የደረቅ ደጋና ወይና ደጋ ደን ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ከአፋር በኩል የግራሩ ቆላ ይወጣል። በወንዝ ዳር ሾላና ዋርካ ይቆማሉ። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የችግኙን ዓይነት ሊቀይር ይገባዋል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጽድ ነው ከሚል ልማድ የተነሣ በሜዳው ላይ ለተሠራች ደብር ከደጋ ጽድ ቢወሰድላት፣ ችግኙ የሚሞተው ምእመናኑ ውኃ ስላላጠጡት ላይሆን ይችላል። ከመጀመሪያውም ቦታው አልነበረም።

በቋንቋችን ችግኝ ሥር ሰዶ ሲተርፍ «ጸደቀ» እንላለን። ነፍስ ስትድንም ጸደቀች እንላለን። በሪፖርት ላይ የሚቈጠረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተተከለው እንጂ የጸደቀው አይደለም፤ ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ከተከላው በኋላ ተመልሶ የሚቈጥር ሰው ያስፈልጋል።

ከወሎ የተገኙ ሁለት ምስክርነቶች

ቈጠራ የፖሊሲን አቅጣጫ እንዴት እንደሚቀይር ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከከሚሴ በስተ ሰሜን በሚያዋስነው የቃሉ ወረዳ ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958ና በ1986 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን አነጻጽረው ውጤቱን በ2000 አሳትመዋል። በ28 ዓመታት ውስጥ ቍጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዛፉና ደኑ ቀንሶ ገላጣው መሬትና የሰፈራው ቦታ ጨምሯል። የሚያስደንቀው ግን የእርሻው ስፋት እምብዛም አለመለወጡ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደኑን የበላው ማረሻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመንግሥት ሰነድም በሰው አንደበትም ሥር የሰደደ ነው። በቃሉ የታየው ግን ዛፉን የሚያመነምነው በአመዛኙ ማገዶ፣ ከሰልና ግጦሽ መሆኑን ያመለክታል። ጥፋቱ የማረሻ ከሆነ መድኀኒቱ በእርሻ ዳር መትከልና ተዳፋት እንዳይታረስ መከልከል ነው። ጥፋቱ የማገዶ ከሆነ ግን፣ ለምድጃ የሚሆን ዛፍ ከቤት አጠገብ ካልተተከለና ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ ካልተዳረሰ፣ በተራራው ላይ የሚተከለው ችግኝ ሁሉ የነገ ከሰል ነው።

ሁለተኛው ምስክርነት ለመጀመሪያው ተቃራኒ ይመስላል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሡ የወሎ መልክዐ ምድር ፎቶግራፎችን ይዞ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1997 በእነዚያው ቦታዎች ቆሞ ዳግመኛ ፎቶግራፍ አነሣ። በተመለከታቸው ቦታዎች ዛፉ ጨምሮ ነው ያገኘው። ገበሬው በደጃፉና በመንደሩ ዙሪያ በገዛ ፈቃዱ ተክሏል፤ ከተከለው አብዛኛው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው።

እንግዲህ የወሎ ደን ጠፋ ወይስ በዛ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። አንዱ የተመለከተው የወል የሆነውን የተራራ ቍጥቋጦ ነው፤ ሌላው የተመለከተው በባለቤት የሚጠበቀውን የመንደር ዛፍ ነው። የማንም ያልሆነው መንምኗል፤ ባለቤት ያለው ለምቷል። በደርግ ዘመን ከድርቁ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ብዙ ዛፍ ተተክሎ፣ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅት አያሌው የተጨፈጨፈውም ሕዝቡ የእኔ ስላላለው ነበር። ካርታ የዛፉን ቅጠል ያሳያል፤ የማን መሆኑን ግን ሰው ጠይቆ ካልጻፈበት በቀር አያሳይም።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ አባባል ማንሣት ይገባል። ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ እንደ ነበርና ዛሬ ከ3 በመቶ በታች እንደ ደረሰ በአዳራሽም በዐውደ ምሕረትም ይነገራል። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ይህ የ40 በመቶ ቍጥር በማንኛውም ልኬት ላይ ያልተመሠረተ፣ ከሰነድ ወደ ሰነድ እየተገለበጠ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የደን መመናመኑ እውነት ነው፤ ቍጥሩ ግን ልኬት አይደለም። በልኬት ያልተደገፈ ቍጥር ደግሞ የትም ቦታ ምንም ይተከል ወደሚል ጥድፊያ ይመራል።

ደን ሊባል የሚችለው የትኛው ነው?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የደን ቈጠራ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ተካሂዷል። አሠራሩ ሁለት እግር አለው። በአንድ በኩል የሳተላይት ምስል ይተረጐማል፤ በሌላ በኩል በተመረጡ የናሙና ቦታዎች ባለሙያዎች በእግር ሄደው የዛፉን ዓይነት ይለያሉ፣ የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ይለካሉ፣ ቁመቱን ይመዘግባሉ። አገሪቱ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ያቀረበችው ሰነድ፣ ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ያህል ደን ይጠፋ እንደ ነበርና 19,000 ሄክታር ያህል ብቻ ይተካ እንደ ነበር ያመለክታል። ችግኝ ተከላ ብቻውን፣ ያለውን ከመጠበቅ ጋር ካልተጣመረ፣ የትም እንደማይደርስ ከዚህ በላይ የሚናገር ቍጥር አላውቅም።

ለካርታው ሲባል የደን ትርጕምም ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው ትርጕም መሠረት ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። ቀድሞ ሪፖርት የሚቀርበው 5 ሜትር ቁመትና 10 በመቶ ሽፋን በሚጠይቀው ዓለም አቀፍ ትርጕም ነበር። በቀድሞው አቈጣጠር ከአገሪቱ 11 በመቶ ያህል የነበረው ደን በአዲሱ 15.5 በመቶ ሆኗል። ልዩነቱ የተተከለ ዛፍ አይደለም፤ በብዛት የመለኪያው ለውጥ ነው። ለውጡ ለከሚሴ ዓይነት አገር ጥቅም አለው፤ በቆላው ያለው አጭር የግራር ደን ቀድሞ ከቈጠራ ውጭ ይቀር ነበርና።

ለአብያተ ክርስቲያናት ግን ግማሽ ሄክታሩ ችግር ነው። ግማሽ ሄክታር ማለት ሰባ ሜትር በሰባ ሜትር ያህል ቦታ ነው። ይህን የማይሞላ ዐጸድ፣ በውስጡ የመቶ ዓመት ወይራ ቢኖርበት እንኳ፣ በብሔራዊው ካርታ ላይ ደን ተብሎ አይጻፍም። የመስጊዱ ቅጥርና የመቃብር ቦታው ዛፍም እንዲሁ ነው። በካርታ ላይ ያልተጻፈ ነገር መንገድ ሲቀየስ፣ ቦታ ሲሸነሸን፣ የችግኝ ጣቢያ ዘር የሚሰበሰብበት ቦታ ሲመረጥ ማንም አያስበውም። በዚህ ዞን የሚቀረን ትልቁ ሥራ ያለው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ዘሩ ያለው ከማን ዘንድ ነው?

ጥቂት ዛፎች ስለ ሆኑ ምን ይጠቅማሉ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከአፈሩ ይገኛል። የደጋና የወይና ደጋ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ተደብቆ አይቆይም። ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ በደረቅ ደጋ ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ክብሮም ተክሌና ታምራት በቀለም በደቡብ ወሎ ገላጣ ተዳፋቶች አፈሩን አጥንተው በውስጡ ያገኙት ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ሲሆን የዛፍ ዘር ጥቂት ነበር። ተራራው ከከብት ቢከለልና ቢያርፍ ሣሩ ይመለሳል፤ ቍጥቋጦውም በጊዜው ይመለሳል፤ ወይራውና ጽዱ ግን ከቅርብ ዘር የሚያመጣላቸው ወፍና እናት ዛፍ ካላገኙ አይመለሱም። እናት ዛፎቹ ደግሞ በብዙ ቦታ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ በመስጊድ ቅጥርና በመቃብር ቦታ ነው።

ይህ ሊታወቅ የቻለው የአብያተ ክርስቲያናት ደን ስለ ተቈጠረ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐጸድ ዞረው 168 የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። ሌሎች ተመራማሪዎችም በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከዘመናችን የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው የደቡብ ጎንደር ዐጸዶች በአብዛኛው እስከ ዛሬ እንደ ቆዩ፣ ሆኖም ባሕር ዛፍ እየተቀላቀለባቸው እንደ ሆነ አሳይተዋል። አበው በግዝትና በፍርሃተ እግዚአብሔር የጠበቁት ነገር በፎቶግራፍ ተመሰከረለት ማለት ነው።

ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ዐጸዱ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ገብቶ ለሚቈጥር ግን ታላላቆቹ ዛፎች ልጅ የላቸውም። ከብት እየገባ ቡቃያውን ይበላል፣ ይረግጣል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በዐጸዶቹ ውስጥ ከብት የማይገባበት ቦታ ከልለው ልዩነቱን ለክተዋል፤ በደቡብ ጎንደር ከምእመናንና ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር በዐጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የተደረገውም ከዚህ ቈጠራ በኋላ ነው። ውሳኔው «ችግኝ ትከሉ» አልነበረም፤ «ካብ ሥሩ» ነበር። ቈጠራ ባይኖር ኖሮ ገንዘቡ በቡቃያ ላይ ይፈስስ ነበር፤ ቡቃያውንም ከብት ይበላው ነበር።

በቤተ መቅደስ የምናጥነው ዕጣንም ያው ፈተና አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የብዙ ቦታዎች ጥናት፣ የዕጣን ዛፍ ካለባቸው ቦታዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ታናናሽ ዛፎች እንደሌሉና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል። ደኑ ቆሟል፤ ተተኪ ግን የለውም።

ሳይቈጠር የተተከለ

ተቃራኒውን ለማየት ከባቲ ወይም ከደዌ ሐረዋ ወደ ምሥራቅ መመልከት ይበቃል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አፋር የገባው በበጎ ሐሳብ፣ በረሃማነትን ለመከላከል ነበር። በሳተላይት ምስል የተሠራ ጥናት በ2017 በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት፣ ማለትም ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ ያህሉን፣ እንደ ወረረ አሳይቷል። ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት መጥፋት ነው። ሲተክሉት የቦታውን ነባር ዕፅዋትና የውኃውን መንገድ ማን ጽፎት ነበር? ዛሬ ካርታው ያለው ለማጥፋት እንጂ ለመትከል አይደለም። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ከአፋር ጋር በሚዋሰንበት በኩል ነቅቶ ሊጠብቀው የሚገባ ዛፍ ነው።

በባሕር ዛፍ ላይ ያለኝ ሐሳብ ግን ከብዙዎች ይለያል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የድኻውን ጣሪያ ያቆመና ምድጃውን ያነደደ ዛፍ ነውና ያለ ልዩነት ሊወገዝ አይገባውም። በማገዶ ለተራቈተ አገር በየመንደሩ ዳር መኖሩ ነባሩን ወይራ ከመጥረቢያ ያድነዋል። ቦታው ግን ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ምንጭ ዳርና ጨፋ ረግረግ አጠገብም አይደለም። አጥቢያዎች ለገቢ ሲሉ በዐጸዱ ውስጥ ሲተክሉት ነባሩን ዛፍ እያጨናነቀ ይተካዋል፤ ከሳተላይት ለሚያይም ዐጸዱ አሁንም አረንጓዴ ነው።

አንድ አጥቢያ ምን ሊቈጥር ይችላል?

በእግር የሚደረግ ቈጠራ ሰላም ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰውን ያየ ሰው፣ ሰው ከቤቱ በተፈናቀለበት ዛፍ የሚቈጥርም የሚጠብቅም እንደማይኖር ያውቃል። ሰላም ባለበት አጥቢያ ግን ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ይችላል።

በመጀመሪያ የዐጸዱን ዙሪያ ጂፒኤስ ባለው ስልክ እየተራመዱ መመዝገብ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ በስሙ መጻፍ ይከተላል። ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም መጻፍ ይጠቅማል፤ ሽማግሌ የሚያውቀውን ስም ባለሙያው ወደ ሳይንሳዊው ስም ይመልሰዋልና። የግንዱ ዙሪያ በደረት ቁመት በሜትር ገመድ ይለካል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ከትላልቆቹ ሥር ያለው ቡቃያ ነው፤ በአምስት ወይም በስድስት ቦታ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር እየከለሉ በዚያ ውስጥ ያለውን ታናሽ ዛፍ ሁሉ በየዓይነቱ መቍጠር በቂ ሥዕል ይሰጣል። ዛፍ በዝቶ ቡቃያ ከሌለ አጥቢያው የሚያስፈልገው ካብ ነው፤ ሁለቱም ከሌሉ ችግኝ ነው። የአጎራባቹ መስጊድ ሽማግሎችም የራሳቸውን ዛፍ እንዲያስቈጥሩ መጋበዝ መልካም ነው፤ በወሎ ለረጅም ዘመን በዕድርና በለቅሶ አብሮ የኖረ ሕዝብ በዛፍ ጉዳይ መነጋገር አያቅተውም፤ የዘር እናቶቹም የሁለቱ ወገን ናቸው።

መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ከይዞታ ማረጋገጫው ቅጂ ጋር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። በብሔራዊው ካርታ ላይ ለመግባት ያነሰ ዐጸድ በወረዳው ሰነድ ላይ የዘር መሰብሰቢያ ሆኖ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይቻላል፤ የችግኝ ጣቢያውም ከሩቅ ከሚመጣ ዘር ይልቅ የአገሩን ዘር የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ለሐምሌ ተከላ የሚደርስ ችግኝ በበጋው ወራት በችግኝ ጣቢያ መዘራት አለበት። የወይራ ዘር ጠንካራ ልባሱ ካልተሰበረ ቶሎ አይበቅልም፤ የግራር ዘር ፈላ ውኃ ተፈስሶበት ማደር ይፈልጋል፤ የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ ከተለቀመ በኋላ ሳይቆይ መዘራት አለበት። ስለዚህ ቈጠራው ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ቆሞ ቅጠሉ ገና ሳይረግፍ በጥቅምትና በኅዳር ቢደረግ፣ የትኛው እናት ዛፍ ፍሬ እንደ ያዘ አብሮ ይታያል፤ ዘር ለቃሚውም በየትኛው ዐጸድ ወደ የትኛው ዛፍ እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።